ያልተቃጠለው ክር

በጃንሆይ ዘመን መርካቶ ውስጥ በውሸት የሚተዳደሩ ሁለት ሰዎች አውቅ ነበር። አንደኛው እሑድ እሑድ መሳለሚያ መንገድ ዳር ቆሞ፣ «ጌቶቼ፣ እመቤቶቼ፣ አሁን የማሳያችሁ ሁሉ ውሸት ነው፤ የቻለ ይያዘኝ» ብሎ ሥራውን ይጀምራል። እሱን ሕዝቡ «አጭበርባሪ» ይለዋል፤ ፖሊስ ደግሞ በቆመጥ ያባርረዋል። ሁለተኛው ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጦ፣ «ከእኔ የሚሰወር ነገር የለም» ይላል። እሱ ዘንድ ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ የዚያው ፖሊስ ሚስትም ገብስማ ዶሮ ታቅፋ ወረፋ ትጠብቃለች። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ዕድሜ ሲገፋ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔና ታላቅ እህቴ ድር ተራ ክር እንሸጥ ነበር። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔም በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ «እትዬ» ነው የምላት። ክር በጣቷ ዳሰስ አድርጋ የትኛው ቶሎ እንደሚበጠስ፣ የትኛው ሲታጠብ ቀለሙን እንደሚለቅ ትናገራለች። ሸማኔዎቹ እንኳ ከእሷ ጋር ክርክር አይገጥሙም ነበር። ሞኝ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ «ምነው እንዲህ ተሞኘች?» እያለ ስለሚያበሽቀኝ ነው። የተሞኘችው በምታውቀው ነገር በኩል ስለመጡባት ነው። በማታውቀው ቢመጡባት ኖሮ መንገዱን አሳይታ ትሸኛቸው ነበር።

ባሏ የካሚዮን ሾፌር ነበር። አሰብ ወርዶ ጭነት ይዞ ይመለሳል። ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ቤቱን ሁሉ የሚያተራምስ፣ እኔንም «ነገረኛዋ» እያለ የሚያበሽቅ ሰው ነበር። በጣም እወደው ነበር። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት ሲያስቸግራት፣ እንደ ልማዱ አሰብ ወረደ። በሚመለስበት ሰሞን አልተመለሰም። መኪናው ተበላሽቶበት ይሆናል አልን። ከእሱ በኋላ የወረዱት ሾፌሮች ተመልሰው መጡ። ስለ እሱ ስንጠይቃቸው «መንገድ ላይ አልተገናኘንም» ይሉና ያለወትሯቸው ጎንበስ ብለው ጎማ መመርመር ይጀምራሉ። እህቴ እንቅልፍ አጣች፤ እህል አልበላ አላት።

ያን ጊዜ ነው የጎረቤት ሴቶች ወደ «ጌታው» የወሰዷት። ሰውየው የሚጠራው እንዲህ ነበር፣ ጌታው ተብሎ። ደብተራ አይሉት ቃልቻ፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የቆነጠረ ነበር። ለክርስቲያኑ በመላእክት ስም ይጀምራል፣ ለእስላሙ በወሊዮች ስም። ደንበኛ የማይመርጥ ነጋዴ ብለው ይቀላል። መርካቶ ውስጥ ግን ነጋዴ ያቀረበልህን ዕቃ ወደ ብርሃን አውጥተህ ማየት ትችላለህ፤ እሱ ዘንድ ይህ ነውር ነው።

እኔም አብሬያት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ሴቶች ተደርድረውበታል። አንዲት የዋህ ፊት ያላት ሠራተኛ ውሃ በጣሳ እያዞረች፣ «ምነው እህቴ፣ ፊትሽ ጠቆረ? ምን ገጠመሽ?» ትላለች። ሴቶቹም የሆዳቸውን ይዘረግፉላታል። ከንፈሯን ትመጥላቸዋለች፣ እንባዋንም ታብሳለች። ከዚያ ጣሳውን ልትሞላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጓዳው ደግሞ በሌላ በር ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ክፍል ጋር ይገናኛል። ይህን ለማየት የተለየ ዓይን አያስፈልግም፣ ዓይን መኖሩ ብቻ ይበቃል። ወደ እህቴ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል!» ብላ ቆነጠጠችኝ።

እኔም እኮ የምላት ይሰማል ነው። የተለያየነው በማን ጆሮ እንደሚሰማ ላይ ብቻ ነበር።

ተራዋ ደርሶ ስንገባ ከመጋረጃው ኋላ አንድ የጎረነነ ድምፅ፣ «የሾፌሩ ሚስት! ባልሽ ቆላ ነው ያለው። በሕይወት አለ» አለ። አብረውን የገቡት ሴቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እህቴ ግን ሕይወቷን ሙሉ ከደላላ ጋር የኖረች ሴት ናትና በቃል ብቻ አልተመለሰችም። «ምልክት ይስጡኝ ጌታዬ» አለች። ድምፁም በዕለቱ የተጣለ እንቁላልና ከገዛ መደብሯ ራሷ የመረጠችውን ክር ይዛ እንድትመለስ አዘዛት።

በማግስቱ ተመለስን። እህቴ ያላትን ክር ሁሉ ስታገላብጥ አምሽታ፣ እሳት ገና ከሩቅ ሲያየው የሚበላውን ስሱን የስፌት ክር መርጣ ነበር። ልትፈትነው ነው። ጌታው በመጋረጃው ሥር እጁን ሰደደና ጧፍ ሰጣት። «ክሩን እንቁላሉ ላይ አጥብቀሽ ጠምጥሚ። የባልሽን የክርስትና ስም ጥሪና እሳቱ ላይ ያዥው። ነፍሱ ወጥታ ከሆነ ክሩ ይነድዳል። ካለ እሳት አይደፍረውም።» ጠመጠመች፤ ስሙን ጠራች፤ ጧፉን አስጠጋች። ክሩ ጥላሸት ለበሰ እንጂ አልተቃጠለም። ደግማ አስጠጋችው። አሁንም አልተቃጠለም።

ክሩ የራሷ፣ እንቁላሉ የራሷ፣ ጠምጣሚዋም ራሷ። ስለ ውሃ አዳይዋ ሠራተኛ ያልኳት ሁሉ በዚያች ደቂቃ ገደል ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ በላች፣ ጠጣች፣ ተኛች። ጌታው ዘንድ ደግሞ ዶሮ፣ አረቄና ሽቶ ሲመላለስ ከረመ። እንደ ጌታው ቃል፣ ባሏ አሰብ ላይ አንዲት ሴት አፍዝ አደንግዝ አድርጋበት ቀርቷል፤ ጌታው ቀስ በቀስ እየፈታው ነው። ከተፈታ ይመጣል። እሷም ትጠብቃለች።

ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው አልፎ ቤታችን ጸጥ ባለ ጊዜ፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ በራችን ተንኳኳ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ተሰብስቦ በር ካንኳኳ ምን ይዞ እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። መርዶ ነው። የእህቴ የክርስትና አባት ከፊት፣ የእድራችን ዳኛ ከጎናቸው፣ ሾፌሮቹና የሰፈሩ ሴቶች ከኋላ ሆነው ገቡ። የክርስትና አባቷ ካፖርታቸውን አስተካክለው ያንን ሁላችንም የምናውቀውን ንግግር ጀመሩ፤ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው፣ ፈጣሪ የሰጠውን ይወስዳል አሉ። መጨረሻው ላይ ካሚዮኑ ወሎ ቁልቁለት ላይ መገልበጡን፣ ባልንጀሮቹ እዚያው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንደቀበሩት ተናገሩ። አንዱ ሾፌር ኮቱንና ቀበቶውን አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

ገና ሳትወልድ በፊት ነው የሞተው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ነፍሰ ጡር ናት፣ ትደነግጣለች ብለው ደበቁ፤ ቀጥሎም አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል ብለው ደበቁ። ከእኔም ደብቀዋል፤ እህት ናት፣ ፊቷ ያሳብቃል ተብሎ። እኔ መሬት ላይ ወድቄ ጮህኩ። ሴቶቹ ከእኔ ጋር ማልቀስ ሲጀምሩ የእህቴ ድምፅ ጠፋብኝና ቀና አልኩ። ልጇን ታቅፋ እንደቆመች ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን አልነበረም፤ ትዕግሥት ነበር።

«ተሳስታችኋል ጋሼ» አለች። «አለ። ኮቱን ሸጦት ይሆናል።»

«ልጄ፣ እነዚህ ልጆች በእጃቸው ቀብረውታል።»

«ጌታው አለ ብሎኛል። በገዛ ክሬ አይቻለሁ።»

የክርስትና አባቷ የእድሩን ዳኛ አዩ፤ የእድሩ ዳኛ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እስክትወልጂ ድረስ ‹ባልሽ አለ› እያለ እንዲያቆይሽ ጌታው ዘንድ የላክንበት እኛ ነን» አሉ። «አንቺን ለማትረፍ ብለን ነው።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ልቅሶ ቀጥ አለ። እኔ የምጮኽበትን ረሳሁ። እህቴ ግን አባቷ የሚሆኑትን ሰው በርኅራኄ ዓይን ታያቸው ነበር፣ በእርጅና መዘባረቅ የጀመሩ ይመስል።

«ጌታውን ማን ያዛል ጋሼ? እናንተ ልካችሁበት ይሆናል። ክሩን ግን ማን ላከው?»

 መርዶ ሊያረዱ የመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ኮፍያቸውን እያነሡ ወጡ። እህቴ ኮቱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ ሲመጣ እንዲለብሰው። እርሟን አላወጣች፣ ነጠላዋን አልገለበጠች፣ ፊቷን አልነጨች። እኔም ብቻዬን በጓዳ አለቀስኩ፤ በሕያው ሰው ታሟርቺያለሽ እያለች ስለምትቆጣኝ።

ሽማግሌዎቹ ያንኑ ቀን ጌታው ዘንድ ሄደው ቃሉን እንዲያነሣ ሊለምኑት ተነሡ። እኔ የክርስትና አባቷ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲመለሱ እግራቸው ከብዷል።

«ውቃቢዬ የተናገረውን አልውጥም አለ» አሉ የክርስትና አባቷ።

የእድሩ ዳኛ አገጩን ያክ ጀመር። «እኔ የምለው... ሬሳውን እኛ በዓይናችን አላየነውም። ፊቱ ተጎድቶ ነበር ነው የሚሉት። ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ጋሼ፣ ‹አለ ብለህ ንገራት› ብለው ለጌታው የነገሩት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ግን ያን ጊዜ ገና ስገባ፣ አፌን ሳልከፍት፣ ‹ስለ ሾፌሩ ሚስት ነው የመጣኸው› አለኝ። ይህን እንዴት አወቀ?»

«በረንዳው ላይ ውሃ ጠጥተው ነበር?»

«አዎ፣ ጠምቶኝ ነበር። አንዲት ደግ ልጅ አጠጣችኝ።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ውሸቱን ራሱ ሰፍቶ፣ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ፣ ከመጋረጃ ኋላ ሲመለስለት ጫማውን አውልቆ የተቀበለ ሰው ነው ይህ። የእድራችንን ገንዘብና የመቃብራችንን ጉዳይ በእጁ ያደረግንለት ሰው። የተማረውም ያልተማረውም፣ ሱቅ ያለውም ጉልት ያለውም እንደዚያው ነበር። አደባባይ ላይ አንድ ሳንቲም የጎደለችበት ቀን አገር ይያዝልኝ የሚል ነጋዴ፣ መጋረጃ ሲያይ አንገቱን ይሰብራል።

ጌታው በሽማግሌዎቹ መመላለስ ሳይሰለች አልቀረም። እህቴን የሚገላገልበት ዘዴ አመጣ። ለባሏ መፈታት የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ ልጁን ይዛ ራሷ አሰብ ትውረድና በዚያ ቆማ ስሙን ትጥራው። ሲሰማት ይነቃል። እህቴ ይህን በደስታ ነገረችኝ። የክር መደርደሪያዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነበር። ሰኞ ማለዳ ለሚነሣ ካሚዮን ከአንድ የማያውቃት ሾፌር ጋር ተነጋግራለች።

ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ይዛ፣ ድንጋዩ በሚፈላበት በዚያ በረሃ አቋርጣ ልትወርድ ነው፣ የሞተ ሰው ልትጠራ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። ልጁን ነጥቄ ልደብቀው አሰብኩ። ሽማግሌዎቹ ለመኗት። «ጌታው መንገዱን ባርኮልኛል» ነው መልሷ። ልጁ በመንገድ እንደሚቀር አላጠራጠረኝም፤ እሷም ልጇን ቀብራ እንደማትመለስ።

ያን ጊዜ ነው ያ የመሳለሚያው ሰው ትዝ ያለኝ። በአዘቦት ቀን አትክልት ተራ ሽንኩርት ይቸረችራል፤ እዚያ ሄጄ አገኘሁት። በጣሊያን ጊዜ ሆቴል ቤት አሳላፊ ነበር ይባላል፤ የእጅ ጨዋታውን ከአንድ እንግዳ ነው የለመደው። ቀጭን፣ ኮቱ የነጣ፣ ሲናገር እጁን የማያሳርፍ ሰው ነበር። እሑድ እሑድ ከሰው ጆሮ እንቁላል ያወጣል፣ የተቆረጠ ገመድ ይቀጥላል፤ አንዳንዱንም እንዴት እንደሚያደርገው አስረድቶ ያስቃል። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ። እርስዎ ከኋላው ይቀመጡና በጎርናና ድምፅ፣ ‹ከጌታው የምበልጥ ነኝ፤ ባልሽ ሞቷል፣ እርምሽን አውጪ› ይበሏት። ውሸት አይደለም፤ ሞቷል።»

«እውነት ከሆነ መጋረጃ ምን ያደርግለታል?» አለኝ።

«ያለ መጋረጃ አታምንማ!»

«አይሆንም እህቴ» አለ፣ ሽንኩርቱን እየደረደረ። «እኔ ስዋሽ የሚያየኝ ሰው መዋሸቴን ያውቃል። ስቆ ያልፋል፤ ደስ ካለው ሳንቲም ይጥላል። መጋረጃ ውስጥ ከገባሁ እኔም ጌታው ነኝ። ነገ ልጇ ሲያተኩሰው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ እኔ ነው ይዛው የምትሮጠው። ያን ጊዜ ምን ልበላት?»

ተናደድኩ። ሰው ሊሞት ነው እሱ ስለ ክብሩ ይነግረኛል ብዬ አሰብኩ። «ሽንኩርት ነጋዴ ጻድቅ ዛሬ አየሁ!» ብዬ ሌላም የማይጻፍ ነገር ጨምሬ ሰደብኩት። እስክጨርስ ታገሠኝ።

«ለመሆኑ በምንድን ነው ያሳመናት?» አለኝ።

ስለ እንቁላሉና ስለ ክሩ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «በዚች? በዚች ብልሃት ነው ሕፃን ይዛ በረሃ የምትወርደው?» አለና የያዘውን ሽንኩርት ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረው። «እሑድ አምጫት። ክሯንም ይዛ ትምጣ።»

እህቴን ወደ መሳለሚያ ለማምጣት አልተቸገርኩም። «የጌታውን ክር እሑድ እሑድ ለሳቅ የሚያሳይ ሰው አለ» አልኳት። ዓይኗ ደም መሰለ። ያንኑ ስስ ክር በጉያዋ ይዛ፣ ልጇን አዝላ፣ ሰውየውን በሕዝብ ፊት ልታዋርደው ከእኔ ቀድማ ሄደች።

ሰውየው እንደ ልማዱ «የማሳያችሁ ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ጀመረ። ገመዱን ቀጠለ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጢም ውስጥ ሳንቲም አወጣ፤ ሕዝቡም እንደ ልማዱ እየሳቀ ተሳደበ። ከዚያ እንቁላል አነሣና ክር ያለው ሰው ጠየቀ። እህቴ ሰውን በክርኗ እየገፋች ወጣች።

«ይኸው ክር!» አለች። «ከጌታው የተሻለ የምታውቅ ከሆነ በዚህ አሳየን!»

«በደስታ እትዬ። የማንን ስም ልጥራበት?»

«የፈለግከውን ጥራ!»

ክሩን እንቁላሉ ላይ ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመ። «የጎረቤቴን በሬ ስም ጠርቼበታለሁ» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ጧፉን አስጠጋ። ክሩ ጥላሸት ለበሰ፤ አልተቃጠለም። «አሁን ደግሞ የባቡር ጣቢያውን!» አልተቃጠለም። ከዚያ የቀልድ ድምፁን ትቶ፣ እሷን ብቻ እያየ ተናገረ። «ብልሃቱ ይህ ነው እትዬ። ክሩ ጥብቅ ብሎ ከተጠመጠመ ሙቀቱን እንቁላሉ ይወስደዋል። ክሩ የሚነድድበትን ያህል አይግልም። አላልተው ቢጠመጥሙት ይነድዳል። ሌላ ምንም የለውም።»

እህቴ አላመነችውም። እንቁላሉን ከእጁ ተቀበለች። ክሩን ፈታች፤ አዲስ ክር ከጉያዋ አውጥታ በገዛ እጇ ጠመጠመች። በዚያን ጊዜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የባሏን ስም የምትጠራ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁ፤ የአባታችንን ስም ነው የጠራችው። አባታችንን አስታመን፣ እሷ ዓይኑን ከድና፣ ቆሻሻውን አጥባ፣ አፈር ሲመለስበት ሁለታችን ቆመን አይተናል። በዓለም ላይ ሞቱን ማንም ሊያከራክራት የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ጧፉን አስጠጋች። ክሩ ጠቆረ። አልተቃጠለም።

እንደገና አስጠጋችው፤ ጣቷን እስኪለበልባት ድረስ ያዘችው። ሕዝቡ የጨዋታው ክፍል መስሎት «በያቸው እናት!» እያለ ያጨበጭባል።

«የሞተም ሰው ቢሆን አይቃጠልም?» አለችው፣ በጣም ቀስ ብላ።

«እንቁላሉ የማን ስም እንደተጠራበት አያውቅም እትዬ» አለ ሰውየው። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

ሕዝቡ በዚህም ሳቀ። አንዱ ሳንቲም ወረወረላት። እህቴ እንቁላሉን ለሰውየው መልሳ፣ ክሩን ከልማድ የተነሣ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ከክቡ ወጣች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ነበር። ቤታችን ደረስን። በሩን ስከፍት፣ «ሂጂና ጋሼን ጥሪልኝ» አለችኝ። «ነገ ሳይነጋ ይምጡ። እንደገና ይንገሩኝ።»

መጡ። የክርስትና አባቷ ገና «ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው» ከሚለው ሳያልፉ ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ያን ያህል ጊዜ ተቋጥሮ የኖረ ልቅሶ ነበርና የሰማው ሁሉ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ሰኞ የሚነሣው ካሚዮን ያለ እሷ ሄደ።

ድንኳን ተተከለ። ሰው መጣ። መርካቶ በሐዘን አይታማም፤ ዳቦው፣ ንፍሮው፣ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። ከለቀስተኞቹ መካከል እህቴን መጀመሪያ ወደዚያ በረንዳ የወሰደቻት ጎረቤታችን ነበረች። ሴቶቹ ዝም ባሉበት መካከል እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ለአጠገቧ ሰው ሹክ አለች፤ ሹክ ስትል ግን ድንኳኑ ሁሉ የሚሰማት ሴት ናት።

«ጌታው ግን እንዴት ያለ ሰው ነው! መሞቱን ከሁላችን ቀድሞ ያውቅ ነበር እኮ ነው የሚሉት። ላለማስደንገጥ ነው እንጂ ሁሉንም ያውቅ ኖሯል።»

ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። የእድሩ ዳኛም ከወንዶቹ በኩል ነቀነቀ። እኔ ልነሣ ስል እህቴ ጉልበቴን ያዘችኝ። ከሁለት ቀን ልቅሶ በኋላ ድምፅ አልቀራትም ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም ሰምቷታል።

«አዎ፣ ያውቅ ነበር» አለች። «አንቺም ታውቂ ነበር። ምጥ ላይ ሆኜ ‹ባሌን ጥሩልኝ› እያልኩ ስጮኽ እጄን ይዘሽ ‹ይመጣልሻል› ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»